ቼሎው ሲገባ

ወይንሸት ኖታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዓይኗን ከመስመር መስመር ታመላልሳለች። ለኦርኬስትራ ሙዚቃ መጻፍ የሚማር ሰው ድሮ ጆሮውን ለማሠልጠን ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። ዛሬ የጆሮ መርፌ ተወግተው፣ ሳምንት ሙሉ አንዱን መሣሪያ እያዳመጡ ኖታውን መከተል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወረቀቱን ሲያዩት መሣሪያው ጭንቅላት ውስጥ ይጫወታል። ታዲያ በገባው መሣሪያ ምትክ የአንድ የሚያውቁት ሰው ድምፅ ከጭንቅላት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢሰሙትም አይለዩትም። የማን እንደሚወጣ መምረጥ አይቻልም።

ክላርኔት ሲገባ የአንዲት ጎረቤቷ ድምፅ ወጣ፤ ግድም አልሰጣት። ትሮምቦን ግን የባሏን የደምሰውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የገዛ ቤቱን በር አንኳኩቶ፣ እንደ እንግዳ “ደምሰው ነኝ” ማለት ለምዷል።

ትናንት ቼሎ፣ ያ ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ፣ ገባ። የማን እንደወጣ ገና አላወቀችም፤ ለመፍራትም አቅም አጥታለች። ገና ስድስት መሣሪያ ይቀራታል።

በሩ ተንኳኳ።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

የሴት ድምፅ ነው። ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቅ፤ ቫዮሊን ቢጫወተው በወፍራሙ ክር ነበር። ከዚህ ሌላ ምንም አልመጣላትም።

“እኔ ማን?” አለች ወይንሸት።

ከውጭ ዘንቢል መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

“እሰይ ልጄ” አለች ሴትየዋ። “ቼሎው ገባልሽ ማለት ነው። እናትሽ ነኝ፤ ክፈቺልኝ።”