ዘይቱን ማን ሞላው?

«ንገሪው፤ ማጨጃዋን የገደላት እሱ ነው» ይሉኛል እትዬ።

«ንገሪያት፤ ገና አልሞተችም» ይሉኛል ጋሼ።

ባልና ሚስቱን የለየቻቸው አንዲት የሳር ማጨጃ ናት፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይነካካሉ። እኔ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ መሐላቸው ተንበርክኬ የሞተሯን ካንዴላ እፈታለሁ። ሞተር ልጠግን መጥቼ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

ከተኳረፉ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ጠቡ የተነሳው «ዘይቷን ማየት የማን ሥራ ነው?» በሚል ነበር። ጋሼ «ያንቺ» አሉ፣ እትዬ «ያንተ» አሉ፣ በቃ፣ ተዘጋጉ። ከዚያ ወዲህ ማጨጃዋ ጭስ በጭስ ሆነች። አንድ ችኩል መካኒክ ከሩቅ አይቶ «የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ተበልቷል፤ ሽጧት» ብሏቸዋል።

ዛሬ ደግሞ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የወላጆች ግጥሚያ አለ። ሳሩን እስከ ስድስት ሰዓት ካላጨዱት ሥራውን አንድ ባለ ትራክተር ይወስድባቸዋል። ሁለቱም ከዚህ ሜዳ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ይህን ሳስብ ሳቄ ይጠፋል።

ጣቴ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ የጭስ ማውጫውን ከውስጥ እጠርጋለሁ። ደረቅ ጥላሸት ቢሆን «ቤንዚን በዝቶባታል» ወይም «አየር አጥሯታል» እል ነበር። ይሄ ግን እርጥብ ነው፤ ጥቁርና የሚያሙለጨልጭ። ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን ስከፍተው እሱም በዘይት ርሷል።

ፋሻው ተበልቶ ቢሆን ዘይቱ መጉደል ነበረበት። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ እጠርገዋለሁ፤ መልሼ ከትቼ አወጣዋለሁ። ዘይቱ የላይኛውን ምልክት በሁለት ጣት አልፎታል።

«ይቺ ማሽን ከልክ በላይ ጠግባለች» እላለሁ። «ዘይቱን ማን ሞላው?»

ጋሼ ጣሪያውን ያያሉ፤ እትዬ ጫማቸውን።

«እኔ» ይላሉ ጋሼ በመጨረሻ። «ከሥራ ስንመለስ ትንሽ ጠብ አደርግላታለሁ። እሷ ከረሳች ብዬ።»

እትዬ አፋቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ። «እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ እሱ ሳያይ። ሞተሩ ቢነድበት ልቡ ይሰበራል ብዬ።»

ሲበዛ ማርም ይመራል ልላቸው ነበር፤ ሳቁ ይቀድመኛል። ጋሼም ይስቃሉ። እትዬ ኩርፊያቸውን ላለማፍረስ ወደ ግድግዳው ዞረዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

ትርፉን ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ በጣሳ እቀንሳለሁ። ካንዴላውን ጠርጌ አስራለሁ፤ አዲስ ማጣሪያ ከቦርሳዬ አውጥቼ እገጥማለሁ። ጋሼ ገመዱን ይስባሉ። በሦስተኛው ትነሳለች፤ ነጭ ጭስ ቡልቅ ታደርጋለች፤ ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ጭሱ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ደስ ሲል!

«ንገሪያት፤ ከዛሬ ጀምሮ ዘይቱን እሷ ትየው!» ይጮኻሉ ጋሼ ከሞተሩ ድምፅ በላይ።

«ንገሪው፤ ዘይቱን እሱ ይየው፤ እኔ እሱን አያለሁ!»

ጋሼ ማጨጃዋን እየገፉ ወደ ፀሐዩ ይወጣሉ፤ መላጣቸው ያበራል። እትዬ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን ባርኔጣ ያዩታል። እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ይከፍታሉ። ከዚያ እኔን ይተዉኛል።

«አንተ! ባርኔጣህን!»

ጋሼ ይቆማሉ። ያን ያህል የደከምንባትን ሞተር ቀጭ አድርገው ያጠፏታል።

«አልሰማሁም፤ እስቲ ድገሚው» ይላሉ። እጃቸው ግን ቀድሞ መላጣቸውን እየዳበሰ ነው።