ለሕመም አንድ ቃል

ምንትዋብ ባሏን አበጋዝን ደግፋ ክሊኒኩ ስትደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በር ላይ ያለው መሣሪያ የሚሰማው ቀሎን ብቻ ነው፤ ቀሎ አራት መቶ ቃላት ብቻ ያሉት፣ በሁለት ሳምንት የሚለመድ አዲሱ የመንግሥት ቋንቋ ነው። አበጋዝ ራሱ የቀሎ መምህር ስለሆነ ቤታቸው ውስጥ አማርኛ ከተነገረ ሦስት ዓመት አልፎታል።

«ዱማ» አለችው መሣሪያውን። ሕመም ማለቷ ነው፤ በቀሎ ለሕመም ሌላ ቃል የለም።

«ትንሽ ዱማ ወይስ ትልቅ ዱማ?»

«ትልቅ!»

«ተራ ቁጥር አርባ ሁለት። ተቀመጡ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ትልቅ ዱማ ያለባቸው ናቸው፤ ጥርሱን ያመመውም፣ እግሩ የተሰበረውም። በአማርኛ የተናገረ ደግሞ ተራውን ያጣል። አበጋዝ ክንዷን ጨምቆ ያዘ።

«ምንቴ» አላት። በቀሎ ቁልምጫ ስለሌለ ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ጠርቷት አያውቅም ነበር። «ምንቴ፣ ወጋኝ። እዚህ ጋ ወጋኝ፤ ግራ ክንዴም ደነዘዘ።»

ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። «ደረቱን ወጋው! ግራ ክንዱ ደነዘዘ!»

መሣሪያው ወዲያው ተራቸውን ሰረዘ። ከኮሪደሩ መጨረሻ ግን አንዲት ሸበቶ ሐኪም በሩን በርግዳ እየሮጠች መጣች።

«ውጋቱ መቼ ጀመረው፣ እህቴ?»

አበጋዝ ተረፈ። ሐኪሟ ግን በአማርኛ በመናገሯ በማግስቱ ከሥራ ታገደች። ይህን ሲሰማ ገና ከአልጋው ሳይነሳ ወረቀት አስመጣና ማስተማሩን መተዉን በአማርኛ ጻፈ፤ የጠፋበትን ቃል ሁሉ ምንትዋብን እየጠየቀ።