ሱፍ ብቻ የሚበላው በቀቀን

በቀቀኑን ያሳደገችው የባሏ የቀድሞ ሚስት ነበረች። ሴትዮዋ ሆዷን ታማ በድንገት ከሞተች ወዲህ፣ ከነቅርፊቱ ከሚሰጡት ሱፍ በቀር ምንም አልቀምስ ብሏል።

አዲሷ ሚስት ጎመን ከተፈችለት፤ ካሮት ፈቀፈቀችለት። በምንቃሩ እያነሳ ወለሉ ላይ ወረወረባት። ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ይሞትብኛል ብላ ፈራች፤ ባሏ ይርዳው ሲቆጣ አያድርስ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙን ብትጠይቀው፣ «እሱ እያየ መጀመሪያ አንቺ ብዪለት» አላት።

ዛሬ ፓፓያ ቆርጣ ፊቱ ጎረሰች። ወፉ አንገቱን አዘንብሎ እስክትውጥ ድረስ አያት። ከዚያ ከእጇ ተቀብሎ በላ።

«እሰይ፣ የኔ ጌታ!» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ይሄኔ ማዕድ ቤት ዝር ብሎ የማያውቀው ይርዳው አንድ ብርጭቆ ይዞ ከዚያው ወጣ።

«ወፉን ስታባብይ ራስሽን ረሳሽ። አቮካዶ ጁስ ሠርቼልሻለሁ፤ እንኪ ጠጪ።»

ወፉ ላባውን አቁሞ ወደ ጎጆው ጥግ ሸሸ። ከዚያም ሰምታው በማታውቀው የሴት ድምፅ ጮኸ፤

«ይርዳው፣ መጀመሪያ አንተ ቅመስ! አንተ ቅመስልኝ!»

ይርዳው ሳቀ።

እሷም ከእጁ የተቀበለችውን ብርጭቆ መልሳ ዘረጋችለት።

ይርዳው አልተቀበላትም።