የዓሣ ሳጥኑ ነፋስ

«ዛሬ ብርድ ልብስ ካላስለመንኳችሁ ስሜን ቀይሩት!» ትላለች ልጅቷ፣ ነጩን የፎም ሳጥን በጉልበቶቿ መሃል ወጥራ ይዛ ክዳኑን በቢላዋ እየበሳች።

«ስምሽንማ ቀየርነው እኮ» ትላለች አክስቷ በሩ ላይ ቆማ። «ኢንጂነሯ ብለንሻል። የቀረሽ ሥራው ብቻ ነው።»

አክስቷ ውሃቸው በረዶ ሆኖ የደረቀ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። በር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች፤ ዛሬ የምትሸጠው ሁሉ እቅፏ ውስጥ ነው። እየተሳደበች ነው ያመጣችው፣ ግን አምጥታለች።

አባቷ አልጋው ላይ በካናቴራ ተንጋሏል። ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አልተኛም። ትራሱን እየገለበጠ ቀዝቃዛውን ጎን ይፈልጋል፤ ትራሱ ግን ቀዝቃዛ ጎን የለውም። ከላይ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ይንጣጣል።

የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሲመሽ ተነስቶ እስኪነጋ ይነዳል። ቀን አልጋው ላይ ካልተኛ ሌሊት መሪው ላይ ይተኛል። ትናንት ሌሊት አሸለበውና መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ምሰሶ ታከከ። የተሰነጠቀው ስፖኪዮ ተነቅሎ መጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። በቤቱ ማንም ስለሱ አያነሳም። በዚያ ያለፈ ሁሉ ግን ያየዋል።

ልጅቷ ሳጥኑን ከዓሣ ሻጩ ለምና ነው ያመጣችው። በሳሙና አጥባዋለች፣ በሎሚም አሽታዋለች።

«ዓሣ ዓሣ ይላል» ይላል አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«የባሕር ነፋስ ነው በለው አባዬ። ሰው አገር አቋርጦ ይሄዳል እኮ ለሱ።»

ሥራው ቀላል ነው፤ እሷ እንደምትለው ከሆነ። ክዳኑ ላይ ቬንትሌተሩ የሚቀመጥበት ትልቅ ቀዳዳ፣ ጎኑ ላይ የቧንቧ ቁራጭ የሚገባባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች። ከላይ ነፋስ ይገባል፣ በረዶውን ይዳስሳል፣ በቧንቧው ቀዝቅዞ ይወጣል። አክስቷ ሜትር ላምጣልሽ ስትላት «ዓይኔ ሜትር ነው» ብላት ነበር። አሁን ቬንትሌተሩን ቀዳዳው ላይ ስታስቀምጠው ወደ ውስጥ ዘው ይላል።

«ሜትርሽ አሸለበው እንዴ?» ትላለች አክስቷ፣ ወዲያው ግን አልጋውን አይታ አፏን በመዳፏ ትይዛለች።

ልጅቷ ትንበረከካለች። ከአልጋው ሥር ካልሲ ትጎትትና የተረፈውን ክፍተት ዙሪያውን ትጠቀጥቀዋለች።

«የማን ካልሲ ነው?» ይላል አባቷ።

«የሳይንስ ነው።»

ጠርሙሶቹን ትደረድራለች፣ ክዳኑን በፕላስተር ታሽጋለች፣ ሶኬቱን ትሰካለች። ቬንትሌተሩ ያጓራል። ፊቱ ግን ወደ ላይ ነው። ነፋሱ ለበረዶው ጀርባውን ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ጣሪያው ላይ ይወጣል፤ እዚያ የኖረው አቧራና የሸረሪት ድር ተነቃቅሎ አባቷ ፊት ላይ ይወርዳል። ሰውየው ተነስቶ ቁጭ ብሎ ያስላል።

«ይኸው ክረምቱ ገባ» ትላለች አክስቷ።

«ሙከራ ነው! ሙከራ አታውቂም?» ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ገመዱን ትነቅላለች። ቬንትሌተሩን በአፍጢሙ ትደፋውና፣ ካልሲውን መልሳ ጠቅጥቃ እንደገና ትሰካዋለች።

እጇን ቧንቧው ፊት ትዘረጋለች። ትንሽ ትጠብቃለች። ከዚያ የክንዷ ጠጉር አንድ በአንድ ይቆማል።

አክስቷ ልትስቅ የከፈተችውን አፍ እንደከፈተች ጎንበስ ብላ ፊቷን ታስጠጋለች። «ኧረ ወይኔ!» ትላለች ቀስ ብላ። ከዚያ ብብቷንም ታስጠጋለች።

«ተነሽ ተነሽ! ለአንቺ አልሠራሁትም።»

«በረዶው የማን ሆነና ነው? አሁንማ አፍ አወጣሽ!»

እንደምንም ገፍታ ታስወጣታለች። በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች፤ መጋረጃውን ትጋርዳለች። ሳጥኑን በርጩማ ላይ አውጥታ ቧንቧዎቹን ወደ ትራሱ ታዞራለች። አባቷ ከፊቱ ላይ ድር እየጠረገ ወደ ግድግዳው ይዞራል።

እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታቅፋለች። ቬንትሌተሩ ያንጎራጉራል። የክፍሉ ሽታ ዓሣ፣ ሎሚና ካልሲ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ከሳጥኑ ጥግ አንዲት ጠብታ ትወርዳለች፣ ሌላዋ ትከተላለች። በአንዱ ቧንቧ ብታጮልቅ በረዶው ከመሃሉ ቀጥኖ ሻማ አክሏል። የአክስቷ ፍሪጅ ደግሞ ባዶ ነው።

ይሄን ሁሉ ሠርታ አንድ ሰው እንኳ «ጎበዝ» አላላትም። አክስቷ ቢገድሏት አታመሰግንም። አባቷ ዝም ብሏል። ለነገሩ አባቷ ምግብ ሲጣፍጠውም ዝም ነው የሚለው። እንዲህ ዓይነት ነገር ግን ዝም ይባላል?

ቀና ትላለች። በስፖኪዮው ስንጥቅ ውስጥ የአባቷ ፊት ለሁለት ተከፍሎ ይታያታል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ እጁ ከአልጋው ጠርዝ ተንሸራቶ ተንጠልጥሏል።

ታስላለች። ምንም የለም።

በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ ትከሻውን ትነካዋለች።

«አባዬ… አባዬ! ይቀዘቅዛል?»

የሹፌሩ ዓይን ደም መስሎ ይገለጣል። ጣሪያውን ያያል። ሳጥኑን ያያል። ከዚያ እሷን ያያል።

«ይቀዘቅዛል» ይላል። «ተኝቼ ነበር።»