የትርሲት ግራ እጅ

ትርሲት ሁለቱም እጆቿ በሕመም ደንዝዘው ከቀሩ በኋላ የመዳሰስ ሶፍትዌር ተጫነላት። ሶፍትዌሩ የሚሠራው በአንድ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ግራኝ ናትና ግራዋን መረጠች። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ግን ሳይጠይቃት ወደ ቀኟ ይዛወራል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሊቱን ማሻሻያ መምጣቱን ሳታውቅ፣ ሕፃን ልጇን ኤልዳናን ልታጥብ ውሃውን እንደ ልማዷ በግራዋ ነካችው። አልፈጃትም፤ ለብ ያለ መሰላት። ልጅቷን ስታስገባት ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ብድግ አድርጋ ብታወጣትም እግሮቿ ቀልተው ነበር።

ጤና ጣቢያ ቅባት ካስቀባቻት በኋላ አቅፋት ሶፍትዌሩን ወደጫነላት ባለሙያ ወደ ጌትነት ሄደች።

«ግራ ብዬህ አልነበረም?»

«ብለሻል፣ እህቴ። ማሻሻያው ግን የሚያውቀው ቀኝን ብቻ ነው። ዛሬ ብመልስልሽም የሚቀጥለው መልሶ ይወስደዋል።»

«እንግዲያው ወደ ግራ መልሰውና ማሻሻያውን ዝጋልኝ።»

«ከተዘጋ እኮ ከዓመት በላይ አይሠራም። ከዚያ ሁለቱም እጆችሽ እንደ ድሮው ይደነዝዛሉ።»

ትርሲት በቀኝ እጇ የልጇን እግር ዳበሰች። ቆዳው አሁንም ይተኩሳል።

«ዝጋው» አለችው። «በዓመቱ እሷ ራሷ ‹ያቃጥላል› ማለት ትችላለች።»