የዋሻው ባል

የዳምጠው ሥራ በባቡር መመላለስ ነው። ባቡሩ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው፣ ከማማውም ወደ ሳተላይት ሲሻገር የቪዲዮ ጥሪው እንዴት እንደሚያልፍ ይለካል። ለሙከራ የሚደውለውም ለሚስቱ ለስንዱ ነው።

በዚህ ዘመን ጥሪ አይቋረጥም። መስመር ሲጠፋ ማሽኑ የደዋዩን መልክና ድምፅ ይዞ፣ መስመሩ እስኪመለስ ወሬውን ይቀጥልለታል።

የኮምቦልቻው ባቡር ከረጅሙ ዋሻ ሲወጣ ዳምጠው እንደ ልማዱ ማሽኑ በዋሻው ውስጥ በእሱ ፋንታ ያወራውን ቅጂ ከፍቶ አየ። የእሱን መልክ የያዘው ሰውዬ «ጣትሽን ምን ሆነሽ ነው?» ይላል። ስንዱ የታሰረ ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ እንደቆረጣት ነገረችው።

«ተይው፣ ስመጣ እኔ እከትፈዋለሁ» አላት።

ስንዱ ሳቀች። ያን ሳቅ ዳምጠው ከሰማው ሰንብቷል። ከሥሩ ማሽኑ «ተመልካቿ ጥሪው ወደ ማሽን መሻገሩን አላወቀችም» ብሎ ውጤቱን ጽፏል።

ጣቷ ከጥሪው መጀመሪያ ጀምሮ ታስሮ ነበር፤ እሱ ያየው የምስሉን ጥራት ብቻ ነው። ቅናት አንገበገበው። ሌላ ወንድ ቢሆን ስሙን ጠርቶ ይሰድበው ነበር፤ የገዛ ፊቱን ምን ብሎ ይስደብ?

«ጣትሽ እንዴት ነው?» አላት ቶሎ ብሎ ወደ ጥሪው ተመልሶ።

«አሁን ነገርኩህ እኮ።»

«ለእኔ አልነገርሽኝም።»

ስንዱ ነገሩ ገባት። ፊቷ ላይ የቀረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። የታሰረ ጣቷን አሻሸች።

«ዳሜ» አለችው በመጨረሻ፣ «ስትመለስም በዚያው ዋሻ ነው የምታልፈው?»