ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?

የለገሰ አርባ በወጣ ማግስት ቤቱ ስሙን ሰረዘው። ዘንድሮ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ሟች አርባው ሲወጣ ከቤቱ ኮምፒውተር ይጠፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቆርቆሪያው የሚያፈላው የአንድ ሰው ሻይ ብቻ ሆነ።

ሚስቱ አስካለ ተናደደች። ለገሰ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን የድሮ ሲስተም አውጥታ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ልትጭነው ታገለች። እምቢ ሲላት ቆይቶ፣ የጥንቱን ባለገመድ ኪቦርድ ስትሰካለት ተነሣ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ፣ «ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» የሚል ጥያቄ መጣ።

«ሁለት» ብላ ጻፈች። ማንቆርቆሪያው ለሁለት አፈላ።

ወዲያው ልጇ ማሂደር ደወለች። «እማዬ፣ ስልኬ ላይ ቤቱ ሁለት ሰው አለ ይላል። እንግዳ መጣ እንዴ?»

«ምን እንግዳ አለ? አባትሽ ነው እንጂ።»

«እማዬ፣ በናትሽ አዲሱን መልሺው።»

«አዲሱማ ሁሉን ያውቃል። ይሄኛው ገና አልሰማም።»

የድሮው ሲስተም ግን ከአዲሱ ማሽን ጋር አልተስማማም፤ የነገሩትን አድሮ ይረሳል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ስታበራው ያንኑ ጠየቃት።

መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው፤ ነጋሪዎቹም ተሰብስበው ነው የሚመጡት። አስካለ ብቻዋን ናት።

«ነገ እነግርሃለሁ» አለችው፤ «ሁለት» ብላም ጻፈች።